የእንጀራ መኪና በምን ይወልወላል?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ኤፕሪል ሲገባ ዛፎቹ ቢጫ ብናኝ ይነዛሉ። ማታ ከሥራ ተመልሶ ጥቁር መኪናውን በአፓርታማው ጓሮ ያቆመ ሾፌር ጠዋት ሲወጣ ሽሮ የተነፋባት መስላ ያገኛታል። አየር ማረፊያ የሚያደርሰው መንገደኛ ይጠብቀዋል። በአቅራቢያው ቧንቧ የለም፤ ቢኖርም የሕንፃው አስተዳደር በግቢው መኪና ማጠብን ከልክሏል። ስለዚህ ያረጀ ካናቴራ ያወጣና ኮፈኑንና በሮቹን ጠረግ ጠረግ አድርጎ መሪውን ይይዛል። ማታ ነዳጅ ሊቀዳ ማደያው መብራት ሥር ሲያቆማት ግን በቀለሟ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ያያል። ጠዋት አልነበረም፣ ወይም አላየውም ነበር።

ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል። በታክሲ፣ በሊሞዚን ወይም በስልክ በሚጠራ የኪራይ ሥራ ለሚተዳደር ወገን መኪናዋ የቤት ኪራይም፣ የልጆች ትምህርትም፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብም ናት። ብዙ ጊዜ ዕዳዋ ገና አላለቀም። ተሳፋሪው በሩን ከመክፈቱ በፊት የሚያየው ቀለሟን ነው፤ ነገ ስትሸጥም ገዢው ዋጋ መቁረጥ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ጭረቱ ከየት ይመጣል? ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪናዎች ከቀለማቸው በላይ መስተዋት የመሰለ ስስ ሽፋን አላቸው። ብርሃኑን የሚሰጠው እርሱ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ሲሆን፣ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። አቧራ፣ የክረምት ጨውና አሸዋ በደረቅ ጨርቅ ሲታሹ ጨርቁ ራሱ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ጭረቱን በማሽን አለስልሶ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ማሽኑ ጭረቱን የሚያጠፋው ሽፋኑን ጥቂት በመፋቅ ነው። የተፋቀው አይመለስም። ስለዚህ በየዓመቱ ከማስፋቅ ጨርቁን መምረጥ ይረክሳል።

ማይክሮፋይበር የሚባለው ፎጣ እዚህ ላይ ይገባል። ስሙ የሚያመለክተው የክሩን ቅጥነት ነው፤ 9 ሺህ ሜትር የሚረዝም ክር ከአንድ ግራም በታች ሲመዝን ማይክሮፋይበር ይባላል። የዚህ ቴክኒክ አባት ከሚባሉት አንዱ ጃፓናዊው ሚዮሺ ኦካሞቶ ነው። በቶሬ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠራው የቆዳ አምሳያ ጨርቅ በዓለም ገበያ አልትራስዌድ በሚል ስም ታውቋል። ዛሬ በመወልወያ ፎጣነት የሚሸጠው ባብዛኛው የፖሊስተርና የናይሎን ቅልቅል ነው። ሁለቱ በአንድ ክር ተጣምረው ይወጡና ከዚያ የተላጠ ብርቱካን እንደሚከፋፈል ክሩ ይሰነጠቃል። ጉዱ ያለው ስንጥቁ ውስጥ ነው። ውሃውን የሚስበው፣ ብናኙንም አንስቶ ከቀለሙ የሚያርቀው እርሱ ነው። ያልተሰነጠቀ ክር ግን ስሙ ማይክሮፋይበር ቢሆንም ውሃውን እየገፋ ከወዲያ ወዲህ ያንሸራሽራል እንጂ አይጠጣም።

ታዲያ በትልልቅ የጅምላ መደብሮች በደርዘን ታስሮ ከሚሸጠው መካከል የቱ ይነሣ? ማሸጊያው ላይ 80 በ20 ወይም 70 በ30 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፖሊስተር፣ ሁለተኛው ናይሎን ነው። ናይሎን የበዛበት ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቁጥሩን ብቻ አምኖ መግዛት ግን አይበቃም። ፎጣውን በደረቅ መዳፍ ላይ ሳብ ማድረግ ነው፤ በደንብ የተሰነጠቀው የእጅን ሻካራ ይዞ እንደ መንጠቅ ያደርጋል። ቤት ሲደርስ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ውሃ አፍስሶ በአንድ ጊዜ መጥረግ። ኩሬው ከተበታተነ ፎጣው ለጎማ እንጂ ለቀለም አይሆንም።

ቀጥሎ የሚታየው ክብደት ነው፤ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይጻፋል። አንዳንዱ ነጋዴ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ግን በቀላሉ ይደርስበታል። ጎንና ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎጣ 0.16 ካሬ ሜትር ነው። 350 ግራም ተብሎ የተሸጠ ከሆነ አንዱ ፎጣ 56 ግራም ግድም መመዘን አለበት፤ 500 ከተባለ 80። ሚዛኑ 40 ካለ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከባድ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም። ለውስጥ ዕቃና ለዳሽቦርድ ከ250 እስከ 300 ያለው ይበቃል። ሰም ተቀብቶ ሲነሣ 350 ግድም፣ ጸጉሩ በአንድ በኩል አጠር በሌላው ረዘም ያለው ይመቻል። የታጠበ መኪና ለማድረቅና ቀለም ላይ ያረፈ ቀላል ብናኝ በሚረጭ ማለስለሻ ለማንሣት ደግሞ ከ500 በላይ የሆነው ወፍራሙ ይሻላል፤ ቆሻሻው የሚገባበት ጥልቀት አለው። ለመስተዋት ግን ወፍራሙ ጸጉርና ጭጋግ ስለሚተው ስስና ልሙጥ የሆነው ነው የሚፈለገው።

ጥሩውን ፎጣ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ጠርዙ ነው። በጠንካራ ክር የተዘመዘመ ጠርዝ፣ ከዚያም ይልቅ ጥግ ላይ የተሰፋው የፕላስቲክ ምልክት፣ መሐሉ ያልጫረውን ይጭራል። ምልክቱን መቁረጥ ነው። ጠርዙን ለመፈተን ማንም የማይሰማው አሮጌ ሲዲ ይበቃል። የሚያበራው ገጹ ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል፤ ፎጣው እርሱን ካልጎዳ ቀለሙን ያምኑታል። (ሲዲው የቤቱ እመቤት የምትወደው እንዳይሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።)

ወደ ሾፌሩ እንመለስ። ቧንቧ ለሌለው ሰው ሳይለቀለቅ የሚተው ማጠቢያ የሚባል ፈሳሽ አለ። በአንድ ባልዲ ውሃ ጥቂቱ ይጨመርና ስምንት ወይም አሥር ፎጣ ይዘፈዘፋል። አንዱ ወጥቶ ለአራት ሲታጠፍ ከፊትና ከጀርባ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣል። ከጣሪያው ይጀመራል፣ በአንድ አቅጣጫ በቀስታ ይሳባል፣ ገጹ ሲቆሽሽ ይገለበጣል። ስምንቱ ካለቀ ፎጣው ተመልሶ ባልዲው ውስጥ አይገባም፤ ይቀመጣል፣ ሌላ ይወጣል። በጨው ወይም በጭቃ የተለወሰች መኪና ግን በዚህ አትነካም፤ መጀመሪያ የእጅ መርጫ ባለው ላቫጆ ጨውና ጭቃዋን ታራግፋለች። እዚያም አንድ ነገር ይታያል፦ ሠራተኛው የፊተኛውን መኪና ቸርኬ የጠረገበትን ጨርቅ ይዞ ወደ በሩ ቢመጣ፣ በትሕትና «እኔው አደርቀዋለሁ» ብሎ ከራስ ፎጣ ጋር መውረድ ነው። በቸርኬ ላይ የሚጋገረው የፍሬን ብናኝ የብረት ቅንጣት አለበት። ለዚህም ነው ለቸርኬ አንድ ቀለም፣ ለመኪናዋ ገላ ሌላ ቀለም ያለው ፎጣ መለየት የሚያስፈልገው። መሬት የወደቀ ፎጣም እስኪታጠብ ድረስ ለቀለም አይመለስም።

የገንዘብ ብክነቱ የሚብሰው በአጠባ ላይ ነው። ብዙ ወገን ደህናውን ፎጣ ገዝቶ በሳምንቱ ከካልሲና ከጥጥ ፎጣ ጋር በአንድ ማሽን ይከተዋል። የጥጡ ብናኝ ይጣበቅበታል። የልብስ ማለስለሻ ክሩን ሸፍኖ ውሃ መጠጣቱን ያስተወዋል፤ በረኪና ናይሎኑን ይበላዋል። ለብቻው፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ብቻ ይታጠባል። ሰም የነካው ከሕፃን ልብስ ጋር እንዳይቀላቀል ልብ ይሏል። በሳንቲም የሚሠራው የሠፈር ማድረቂያ ደግሞ ሁለት ችግር አለው፦ ሙቀቱ ከፍ ያለ ነው፣ የፊተኛው ደንበኛ የማለስለሻ ወረቀትም ቅሪቱን ትቶበት ይሆናል። ዝቅተኛው ሙቀት ካልተገኘ ገመድ ላይ ማስጣት ይሻላል። ከዚያም በክዳን ዕቃ ውስጥ፣ ከአቧራና ከሌላው ጨርቅ ተለይቶ ይቀመጣል።

እየቆየ ሻካራ የሆነው ፎጣ አይጣልም። ከቀለም ወደ ውስጥ ዕቃ፣ ከውስጥ ዕቃ ወደ ቸርኬ፣ ከቸርኬ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። ጥጉ ላይ በማይለቅ ቀለም አንድ ምልክት ቢደረግበት ሚስትም፣ ልጅም፣ መኪናዋን በተራ የሚነዳው ባልንጀራም ሳያውቁ ወደ ላይ አይመልሱትም።