ቱፋህ በካርቱም ለምን አያፈራም? የአፕል ዛፍ ዓይነት ስለመምረጥ

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ብዙ ቤተሰቦች ደጋግመው የጠየቁን ነው። ልጆቹ ከሱቅ የመጣውን ቱፋህ በልተው ዘሩን በወተት ጣሳ ተክለውታል፤ በቅሎም አራት አምስት ቅጠል አውጥቷል። ታዲያ ያፈራ ይሆን? ሌሎች ደግሞ አገር ቤት የመመለስ ሐሳብ ስላላቸው «በጓሯችን አፕል ብንተክል ያዋጣናል ወይ? የትኛውንስ እንምረጥ?» ይሉናል። ነገሩ ጨዋታ አይደለም። በካሮ የመጣ ውሃ በጀሪካን እየገዙ ሦስት አራት ዓመት አጠጥቶ ባዶ እጅ መቅረት አለ። ያጠራቀሙትን ጥቂት ገንዘብ በማይሆን ችግኝ ላይ መጨረስም አለ።

ሱዳኖች ቱፋህ የሚሉት፣ እኛ አፕል የምንለው፣ በመጽሐፍ አማርኛ ፖም ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው።

እንግዲህ እውነቱን ከመጀመሪያው እንናገር፦ ፖም በካርቱም አያፈራም። አፈሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ የሚገናኙበት ከተማ ውሃም አጣ አይባልም፤ ቱቲ ደሴት ላይ ሎሚውም ዘይቱኑም (ሱዳኖቹ ጀዋፋ የሚሉት) እንዴት እንደሚያምር ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የሚጎድለው ብርድ ነው።

ፖም የብርድ አገር ዛፍ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በቂ ብርድ ካገኘ በኋላ ሙቀት ሲመጣ ነቅቶ በአንድ ጊዜ ያብባል። ባለሙያዎች ይህንን እንቅልፍ በሰዓት ይቆጥሩታል። በተለመደው አቆጣጠር ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆኖ ያለፈው ሰዓት ሁሉ ይደመራል። በአውሮፓ ከሚታወቁት የፖም ዓይነቶች ብዙዎቹ 800 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ካርቱም ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በጥር ወር እንኳ የሌሊቱ ሙቀት በአማካይ ከ15 ዲግሪ አይወርድም። በሺታ ጊዜ የካርቱም ሰው ካፖርት ለብሶ፣ ጆሮውን ሸፍኖ ሲሄድ ብናይም ለፖም ይሄ ብርድ አይባልም።

ሰውን የሚያታልለው ዛፉ አለመሞቱ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ቅጠል እያወጣ ይረዝማል፤ በቅርንጫፉ ጎን ያለው እንቡጥ ግን ሳይነቃ ይቀራል። አንዳንዴ ያለ ጊዜው ሁለት ሦስት አበባ ያሳያል፤ እሱንም የግንቦት ሙቀትና ሀቡብ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንድ መሽተል ቱፋህ ነው ብሎ ችግኝ ቢያቀርብልዎ፣ ለምለም መሆኑን አይተው አይግዙ። በሱዳን ውስጥ ፖም የሚታወቀው በዳርፉር ጀበል መራ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የአፕል ስም የሚነሳው ከጨንቻ ጋር ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ደጋ ላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቀዝቃዛ ቦታ ናት። ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስገቡት ሚሲዮናውያን ናቸው። ለብዙ ዓመታት ጥቂት ጓሮ ውስጥ ተወስኖ ቆየና በኋላ ገበሬው ራሱ ማባዛቱን ተማረ። አንድ ዘመን ላይ ከፍሬው ይልቅ ችግኙን መሸጥ የጨንቻን ሰው ጠቅሞታል፤ ከዚያ የወጣ ችግኝ ወደ ሸዋ፣ ጎጃምና ጎንደር ደጋዎችም ደርሷል።

እንግዲህ ዓይነት ስንመርጥ የፍሬውን መቅላት ሳይሆን የሚፈልገውን ብርድ ነው የምናየው። አና የሚባለው በእስራኤል አገር የተዳቀለ ሲሆን 300 ሰዓትና ከዚያም በታች ይበቃዋል። ዶርሴት ጎልደን የተገኘው በባሃማስ ደሴቶች ነው፤ እሱም ትንሽ ብርድ ይበቃዋል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለሚያብቡ አንዱ ለአንዱ የወንዴ ዱቄት ይሰጣል፤ ጎን ለጎን ቢተከሉ ጥሩ ጓደኛሞች ናቸው። አና ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ብዙ አይቀመጥም፤ ገበያ ሩቅ ለሆነበት ቤተሰብ ይሄ መታሰብ አለበት። «አና እኮ በአሪዞና በረሃ ያፈራል፣ ካርቱም ምን አነሳት?» ያለን ሰው ነበር። አዎ ያፈራል። የአሪዞና በረሃ ግን በብርዱ ወራት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የካርቱም አይቀዘቅዝም። በጋው ተመሳሰለ ማለት አየሩ አንድ ነው ማለት አይደለም።

በጨንቻ ክሪስፒን የሚባለውም ይታወቃል። ፍሬው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የወንዴ ዱቄቱ ለሌላ ዛፍ አይረባም። ክሪስፒን የሚተክል ሰው አጠገቡ ሌሎች ሁለት ዓይነቶች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ክሪስፒን ያፈራና ያኛው ባዶውን ይቀራል። አንድ ችግኝ ብቻ ገዝተው «አበበ፣ ግን አልያዘም» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛ ማጣቱ ነው።

የእኛ ደጋ ሌላም ጠባይ አለው። ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ እንደ አውሮፓ ተከታታይ ወራት የሚቆይ ብርድ የለም፤ ዛፉም በደንብ ሳይተኛ ዓመቱን ይውላል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ ነው። በኢንዶኔዥያ፣ ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ ባቱ በሚባል ደጋ ገበሬዎቹ ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን በሙሉ አንድ በአንድ ይነቅላሉ፤ ዛፉ እንደተኛ ሆኖ ይነቃና እንደገና ያብባል። በዚህ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቅማሉ። ቀጥ ብሎ የወጣውን ቅርንጫፍ በገመድ ወደ ጎን ማጎንበስም እንቡጡን ያነቃዋል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና የልጆች እጅ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ወተት ጣሳዋ እንመለስ። ከዘር የበቀለ ፖም እናቱን አይመስልም። ጣፋጭ ከነበረው ፍሬ የወጣው ዘር ኮምጣጣ፣ ትንሽ ወይም ጨርሶ የማይረባ ሊሆን ይችላል፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ነው ፖም በዓለም ሁሉ የሚባዛው በማዳቀል፣ ማለትም የታወቀ ዓይነት ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ሥር ላይ በመቀጠል። ያ ሥር የዛፉን ቁመት ይወስናል። በእኛ አገር ከሚታወቁት አንዱ ኤም ኤም 106 ነው፤ መካከለኛ ዛፍ ይሰጣል፣ በሦስተኛው ዓመት ገደማም ማፍራት ይጀምራል። ኤም ኤም 111 ትንሽ ይረዝማል፣ ድርቅን ግን የበለጠ ይችላል። ችግኝ ሲገዙ የላዩን ስም ብቻ ሳይሆን የሥሩንም ይጠይቁ። ሻጩ ሁለቱንም መናገር ካልቻለ ሌላ ጋ ይሂዱ። ሲተክሉም የተቀጠለበት እብጠት ከአፈር በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና የከፈሉበት ሥር ጥቅሙ ይቀራል።

ጓሯችሁ ለፖም ይሆናል አይሆንም ለማለት ደግሞ ቴርሞሜትር የግድ አይደለም። ገብስና ባቄላ የሚወድደው ደጋ ከሆነ ይሞከራል። ማንጎ የሚያፈራበት ከሆነ ይተዉት።

እስከዚያው ድረስ፣ በካርቱም ሆሽም ሆነ በካምፕ ግቢ ምን ይተከል? እዚህ ላይ የዛፉን ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም ዕድሜ በቦታው ላይ መቁጠር አለብን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም ሲጀመር፣ በዴይምና በጅሬፍ ተከራይተን ከኖርንባቸው ግቢዎች የተከልነውን ሁሉ ጥለን ነው የወጣነው። መሬቱም የራሳችን አልነበረም። ስለዚህ ቶሎ የሚደርሰውን ማስቀደም ይሻላል፦ ፓፓያ ከተስማማው በዓመት ውስጥ ያፈራል፤ ዘይቱን ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃዋል። ልጆቹ ዘር መትከል ከወደዱ የሱዳኑን ትንሿን ሎሚ ስጧቸው፤ የእሷ ዘር እንደ ፖም አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ እናቷን ትመስላለች።

የካርቱም ፖም ይባል ከተባለ ግን እኛ የምንመርጠው ነብግን ነው፤ የእኛዋ ቁርቁራ። ሙቀቱን ትችላለች፣ ድርቁንም ትችላለች። በሕንድ አገር ትልልቅ ፍሬ ያላቸው የነብግ ዘመዶች አሉ፤ እነሱን ገበሬው ልክ እንደ ፖም በጫካው ዓይነት ሥር ላይ ነው የሚቀጥላቸው። ሥራው አንድ ስለሆነ፣ ወደ ደጋ የመመለስ ሐሳብ ያለው ሰው እጁን እዚሁ በነብግ ላይ ሊያሠለጥን ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጥሩ ዛፍ ላይ ያልተከፈተ እንቡጥ ከነቅርፊቱ በስለታም ምላጭ ይነሣል። የእርሳስ ያህል በወፈረው የሥር ግንድ ላይ ቅርፊቱ ብቻ በመስቀልያ ይሰነጠቃል፤ ከላይ አግድም፣ ከዚያ ወደ ታች። ቅርፊቱ ሁለት ወገን ተከፍቶ እንቡጡ ከሥሩ ይገባል፤ እርጥቡ ከእርጥቡ ጋር መነካካት አለበት። ከዚያ በቀጭኑ በተቆረጠ ፌስታል ከላይም ከታችም ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ የእንቡጡ ዓይን ብቻ ክፍት ይቀራል። ምላጩ በእሳት ይለብለብ፣ እጅም ይታጠብ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እንቡጡ አረንጓዴ እንደሆነ ካለ ይዟል፤ ከጠቆረ ትንሽ ዝቅ ብሎ በሌላ በኩል እንደገና ይሞከራል። ሲይዝ ማሰሪያው ይፈታ፤ ከእንቡጡ በላይ ያለው ግንድም ይቆረጥ፣ አለበለዚያ ዛፉ የድሮውን ቅርንጫፉን እየመገበ አዲሱን ይረሳዋል።