ጽሑፍ የሌለው ዕቃ

«ሙዚየም ምንድን ነው?» ብለው አንዲት እናት ጠየቁን።

«የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያውቁ የለም? መስቀሉ፣ ዘውዱ፣ የብራናው መጽሐፍ የሚቀመጥበት? ሙዚየምም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ የገበሬው ሞፈርና የእርስዎ እንዝርት ጭምር ይገባበታል» አልናቸው።

ሳቁብን። «የኔን እንዝርት ደግሞ ማን ሊያየው!»

እኛም ቀድሞ እንደሳቸው ነበርን። ሐሳባችን የተለወጠው ከደብረ ኤልያስ ተነሥተን ለጉዳይ አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ ነው። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሙዚየም አለ። ቤቱ ገነተ ልዑል ይባል ነበር፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ የተኙበት ክፍል ሳይቀር ይታያል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሮጥነው ወደዚያው ነው። ብዙ ያቆየን ግን የሕዝቡ ዕቃ ነው። አደራደሩ በየአገሩ አይደለም፤ በሰው ዕድሜ ነው። ከልደት ይጀምራል፣ በሞት ያበቃል።

ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ ደጁ ላይ፣ አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ወደ ላይ ይወጣል እንጂ የትም አያደርስም። ጫፉ ላይ ቤት የለም፣ በር የለም። «ሠሪው ገንዘብ አልቆበት ይሆናል» ተባባልን። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ውስጥ፣ ያሠራው ነው። እያንዳንዱ እርከን የፋሺስቶችን አገዛዝ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ቆጠራው የሚነሣው ሙሶሊኒ በሮም ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ነው። ጠላት ከተባረረ በኋላ ጫፉ ላይ የአንበሳ ሐውልት ተቀመጠበት። ይህን የሚነግረን ባይኖር ኖሮ ያልተጨረሰ ግንብ አይተን መጣን ብለን በተናገርን ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከልባችን አልወጣም። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ናት፤ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ አልነበረ? የኛ አገር ተማሪም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው የተማረ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ቤት ገብተን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አኩፋዳ አየን። ጢስ አጥቁሮታል።

«የማን ነው?»

«የአባቴ ነው።»

«ከማን ዘንድ ነው የተማሩ? ስንት ዓመት ቆዩ?»

«እሱን እንኳ እናቴ ነበረች የምታውቅ። አምና ዐረፈች።»

ዝም አልን። ምን ይባላል?

የጥንት ሰዎች በዚህ ነገር ይበልጡናል። በጎጃም አድባራት መሬት ሲሰጥ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የምስክሮቹ ስም ይገባል። ታሪክ አጥኚዎች ስለ ርስትና ጉልት ብዙ ነገር ያገኙት ከዚያ ጽሑፍ ነው።

ዕቃ ይሰረቃልም። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀል ተሰርቆ ከአገር ወጣ። በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። እሱ እንኳ ስሙም መልኩም የታወቀ ነው። ስሙ ያልተጻፈ ዕቃ ቢሰረቅ ባለቤቱ የኔ ነው ብሎ በምን ያስረዳል? በድንበር ክርክር ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን።

እኛ ያደረግነውን እንንገራችሁ። ጠንከር ያለ ወረቀት ቆረጥን። ጫፉን በስተን የጥጥ ክር አስገባን። የጻፍነው በእርሳስ ነው፤ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ይፈሳል። በዕቃው በራሱ ላይ አንጽፍም፣ ሙጫም አንቀባም። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበረ፣ ማን እንደነገረንና ቀኑን ጽፈን በክሩ አሰርነው። በአኩፋዳው ወረቀት ላይ «የመምህሩ ስም» ብለን ባዶ ቦታ ተውን። የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ይሞላዋል።

ያ ሁሉ ሲሆን የሳቁብን እናት ተቀምጠው ያዩ ነበር። በማግስቱ እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። ልንጽፍላቸው እርሳስ ብናነሣ «ተዉት፣ እኔው እጽፈዋለሁ» አሉን። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«እንዝርት። እናቴ በሰርጌ ሰሞን የሰጠችኝ። የልጆቼን ጋቢ ሁሉ የፈተልኩበት።»

ከሥሩ ስማቸውንና ቀኑን ጨመሩ። «ፈ»ን አንድ ጊዜ ሰርዘው ደገሟት።