ስምን በዘርፍ መሰብሰብ

ማይክልና ዴቪድ ካስቴሎ የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ኢንተርኔት ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን፣ የከተማ ስሞችን የድረ ገጽ አድራሻ (ዶሜይን ስም) አድርገው መያዝ ጀመሩ። ናሽቪል ዶት ኮም የእነሱ ሆነ፤ ፓልም ስፕሪንግስ ዶት ኮምም እንዲሁ። ስሞቹን ገዢ እስኪመጣ ቆልፈው አላስቀመጧቸውም። ፓልም ስፕሪንግስን መጎብኘት ያሰበ ሰው የከተማዋን ስም ጽፎ ሲገባ የሆቴልና የምግብ ቤት መረጃ ያገኛል፤ ነጋዴዎቹም ለማስታወቂያው ይከፍላሉ። ስሙ ሳይሸጥ ገቢ ያመጣል ማለት ነው።

እንዲህ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የዶሜይን ስም እየመረጡ መያዝ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ትርፉ የሚገኘው ከስሞቹ ብዛት ይልቅ ከያዡ እውቀት ነው ባይ ነኝ። የቡናን ሥራ የሚያውቅ ሰው ቆልቶ የሚሸጠው፣ ላኪው፣ የማሽን አስመጪው እያንዳንዳቸው ምን ዓይነት ስም እንደሚፈልጉ ያውቃል። ዛሬ የቡና፣ ነገ የክሪፕቶ፣ ከነገ ወዲያ የጥርስ ሕክምና ስም የሚገዛ ግን የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ይጠፋዋል። የእኛን ምግቦች የመረጠ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ውጭ አገር ያሉ ምግብ ቤቶች «እንጀራ»ን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱንም ይዞ አንዱን ወደ ሌላው መምራት ግድ ይላል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል።

ክፍያው ቀላል ነገር አይደለም። የዶሜይን ስም እንደ ሊዝ ቦታ ነው፤ ይያዛል፣ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ክፍያው ከተቋረጠ ግን ከእጅ ይወጣል። ምዝገባ እስከ 1995 ድረስ በነጻ ነበር፤ በዚያ ዓመት መዝጋቢው ኩባንያ ኔትወርክ ሶሉሽንስ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። የዶት ኮምን መዝገብ የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን በ2024 ከመዝጋቢ ድርጅቶች የሚቀበለውን ለአንድ ስም በዓመት 10.26 ዶላር አድርሶታል፤ መዝጋቢውም የራሱን ጨምሮበት ለደንበኛው ይሸጣል። 200 ስም የያዘ ሰው አንድም ሳይሸጥ በየዓመቱ ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ዘርፍ መምረጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ የማሳደሻው ጊዜ ሲደርስ የትኛውን ማስቀረት፣ የትኛውን መተው እንዳለብን ለመወሰን መመዘኛ ይሰጠናል።

የተተወ ስም ወዲያው አይጠፋም። ቀኑ ካለፈ በኋላ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊታገስ ይችላል። ከዚያ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ ስሙን ለማስመለስ የሚጠየቀው ገንዘብ ከመደበኛው ማሳደሻ እጅግ ይበልጣል። በመጨረሻም 5 ቀን ስረዛውን ሲጠብቅ ቆይቶ ይለቀቃል። ያቺን ቅጽበት የሚጠብቁ ኩባንያዎች አሉ፤ ስሙ በተለቀቀ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ በኮምፒውተር ተሻምተው ያስመዘግቡታል። ጠንቃቃ ሰብሳቢ ከሚለቀቁት ስሞች ዝርዝር ውስጥ የዘርፉን እየለቀመ ያወጣል።

ትልቁን ዋጋ ያመጡት ግን ተራ ቃላት ናቸው። የማይክል ሴይለር ኩባንያ ማይክሮስትራቴጂ ገና በጠዋቱ «ቮይስ»፣ «አላርም»፣ «ኤንጅል»፣ «ሆፕ» የሚሉ የዶት ኮም ስሞችን ይዞ ነበር። አላርም ዶት ኮም ዛሬ የቤት ደህንነት ቴክኖሎጂ ኩባንያ መጠሪያ ነው። ቮይስ ዶት ኮም በ2019 ብሎክ ዶት ዋን ለተባለ ኩባንያ በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህን ሰምቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ በስም ላይ የሚያፈስ ወጣት ያሳስበኛል፤ ለሽያጭ ከሚመዘገቡት ስሞች አብዛኞቹ ገዢ ሳያገኙ ነው የሚቀሩት።

የሌላውን የንግድ ምልክት መያዝ ደግሞ ኪሳራው የከፋ ነው። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን ባወጣው፣ ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ባለምልክቱ ሦስት ነገር ካስረዳ ስሙን ይወስዳል፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም የሚያምታታ መሆኑን፣ ያዡ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንደሌለው፣ በክፉ ልቦናም አስመዝግቦ እንደተጠቀመበት። አንድ ዘርፍ ይዞ የሠራ ሰው እዚህ ላይ የሚያቀርበው መልስ አለው። ስለ ቡና በሚናገሩ ስሞቹ ላይ የቡና መረጃ አውጥቶ፣ የቡና ማስታወቂያ ሸጦ የቆየ ሰው፣ ቃሉን ለትርጉሙ ሲል እንደያዘው የገጾቹን ታሪክ አውጥቶ ክርክሩን ለሚያዩት ዳኞች ማሳየት ይችላል።