ማርጎት ሆኔከር፦ 26 ዓመት በትምህርት ሚኒስትርነት

ኤሪክ ሆኔከር የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ መሪ የሆነው በ1971 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ያን ጊዜ ባለቤቱ ማርጎት የትምህርት ሚኒስትር ከሆነች 8 ዓመት ሆኗት ነበር። ስለ መሪዎች ሚስቶች ስናነብ የለመድነው ከባሏ ጎን ቆማ ፎቶ የምትነሣ፣ አልፎ አልፎ የሕፃናት ማሳደጊያ የምትመርቅ ሴት ነው። ማርጎት የራሷ ወንበር፣ የራሷ ሥልጣን ነበራት። የአገሪቱ ተማሪ ምን እንደሚማር፣ ማን ወደ መሰናዶ እንደሚያልፍና ማን ደጅ እንደሚቀር የሚወሰነው በእሷ መሥሪያ ቤት ነበር።

የተወለደችው በ1927 ሃለ በተባለች ከተማ ነው። አባቷ ጎትሃርድ ፋይስት ጫማ ሠሪና ኮሚኒስት ነበር፤ ናዚዎች ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ አስገብተውታል። እናቷ የሞተችው ማርጎት ገና 13 ዓመት አካባቢ ሳለች ነው። ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት፣ በ18 ዓመቷ፣ ኮሚኒስት ፓርቲ ገባች። በ1949 ምሥራቅ ጀርመን እንደ አገር ስትቆም ማርጎት በ22 ዓመቷ የምክር ቤቱ ትንሿ አባል ነበረች። አዲሱ ፕሬዚዳንት ቪልሄልም ፒክ ሲመረጥም አበባ ይዛ እንኳን ደስ ያለህ ያለችው እሷ ናት።

ኤሪክ በ15 ዓመት ይበልጣታል። ሲተዋወቁ የአገሪቱ የወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሲሆን፣ ባለትዳርም ነበር፤ ሚስቱ ኤዲት ባውማን በዚያው ማኅበር ከፍተኛ ኃላፊ ነበረች። በ1952 መጨረሻ ማርጎት ሶንያ የተባለች ልጅ ወለደችለት። ፓርቲው ስለ ጨዋነት አጥብቆ የሚሰብክ ስለነበር ነገሩ ቀላል ወሬ አልነበረም። ማርጎት ለትምህርት ወደ ሞስኮ ሄደች። ስትመለስ ሁለቱ በትዳር ተጠቃለሉ፤ እሷም ትምህርት ሚኒስቴር ገብታ በ1958 ምክትል፣ በ1963 ሚኒስትር ሆነች።

በሥሯ የተስፋፋው ሥርዓት ለሁሉም ልጅ አሥር ዓመት የጋራ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ተማሪዎች ከቀለሙ ጎን ለጎን በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ፋብሪካ ወይም እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። ይህ አሠራር እኛም ዘንድ ደርሷል። በኅዳር 1979 ሆኔከር አዲስ አበባ መጥቶ ከደርግ መንግሥት ጋር የወዳጅነት ውል ከፈረመ በኋላ፣ የምሥራቅ ጀርመን አማካሪዎች በኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ሠርተዋል፤ ፖሊቴክኒክ የሚባለው ይህ ቀለምን ከሥራ ያጣመረ ትምህርትም በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተሞክሯል።

የሥርዓቱን በጎ ጎን መካድ አይገባም፤ የሠራተኛ ልጅ እንደ ልብ ተምሮበታል። ግን ይኸው በር ለሌሎች ተዘግቶ ነበር። የቄስ ልጅ፣ ወይም መንግሥትን የሚተች ሰው ልጅ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር መሰናዶ ላይገባ ይችል ነበር። በ1978 ማርጎት የአብያተ ክርስቲያናትን ተቃውሞ ችላ ብላ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ወታደራዊ ትምህርት አስገባች። ቶርጋው ላይ የነበረው ዝግ የወጣቶች ማረሚያም በእሷ ሚኒስቴር ሥር ነበር። ልጆች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይገቡበት ነበር፤ አዲስ የመጣውም መጀመሪያ ለብቻው ክፍል ይቆለፍበት ነበር። በ1988 ደግሞ በምሥራቅ በርሊን ጥቂት ተማሪዎች ወታደራዊ ሰልፍ ምን ያደርጋል ብለው በትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ጽፈው በመለጠፋቸው ተባረሩ። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በካርል ፎን ኦሲየትስኪ ነበር፤ የጦር ዝግጅትን በመቃወሙ በናዚ እስር ቤት የማቀቀ፣ የሰላም ኖቤል ተሸላሚ። ያን ስም በሩ ላይ ሰቅሎ እነዚያን ልጆች ማባረር ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ እንጃ።

በ1989 መኸር ሁሉም ነገር በሳምንታት ውስጥ ተናደ። ኤሪክ በጥቅምት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። በቀጣዩ ጥር ኤሪክ የኩላሊት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል ሲወጣ ታሰረ፤ በማግሥቱ ተፈታ። ግን የሚሄድበት ቤት አልነበረም። ባለሥልጣናት ከሚኖሩበት የተከለለ መንደር ባልና ሚስቱ እንዲወጡ ተነግሯቸዋል፤ ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ የሚያስጠጋቸው ጠፋ።

በመጨረሻ በሩን የከፈተው ኡቬ ሆልመር ነው። በርሊን አቅራቢያ በምትገኘው ሎቤታል የአካል ጉዳተኞችና የሕሙማን መኖሪያ የሚመራ ፓስተር ነበር። የጥንዶቹ ማረፊያም ሌላ ሳይሆን የገዛ ቤቱ ሆነ። ሆልመር 10 ልጆች ነበሩት፤ 8ቱ ጥሩ ውጤት እያላቸው መሰናዶ ተከልክለዋል። የከለከለው መሥሪያ ቤት የማርጎት ነበር! ሰዎች ምነው ሲሉት «አባታችን ሆይ» ላይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» እያልን ስንጸልይ ኖረን አሁን እንዴት እንመልሳቸው የሚል ነበር መልሱ። ሁሉም አልተቀበለውም። ተቃዋሚዎች ቤቱን ከበቡ፤ የቦምብ ዛቻ መጣ። መጋቢት ላይ ጥንዶቹን ወደ አንድ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ለማዛወር ተሞክሮ የአካባቢው ሰው አላስገባም ስላለ ወደ ፓስተሩ ቤት ተመለሱ። እዚያ አሥር ሳምንት ያህል ቆይተው በሚያዝያ ወደ ሶቪየት ወታደራዊ ሆስፒታል ሄዱ።

ከዚያ በ1991 ሞስኮ፤ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደግሞ የቺሊ ኤምባሲ። ቺሊ የሆነችበት ምክንያት አለው፦ ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት የሸሹ ብዙ ቺሊያውያንን ምሥራቅ ጀርመን አስጠግታ ነበር፤ ሶንያም ያገባችው ቺሊያዊ ነው። ኤሪክ በ1992 ለፍርድ ወደ በርሊን ተመለሰ፤ በሕመሙ ምክንያት ክሱ ተቋርጦ ሳንቲያጎ ከቤተሰቡ ጋር ተቀላቀለና በ1994 በጉበት ካንሰር ሞተ። ማርጎት ከእሱ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራ በ2016 በ89 ዓመቷ አረፈች።

በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን ጸጸት አላሳየችም። በ2012 ለጀርመን ቴሌቪዥን ስትናገር የበርሊንን ግንብ ሲዘሉ ስለተገደሉት ወጣቶች የሰጠችው መልስ ባያደርጉት ኖሮ ባልሞቱ የሚል ነበር። ያን ጊዜም የምትኖረው እሷ ጠላት ከምትላት ከተዋሐደችው ጀርመን በሚላክላት ጡረታ ነበር፤ እሱንም አነሰኝ ትል ነበር።