የየቲሞቻችንን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም፦ ወጪው እንዴት ይታቀድ?



የየቲሞቻችንን ኑሮ የሚያሳይ አጭር ፊልም በባለሙያ ለማስቀረጽ ስናስብ አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ይህ ገንዘብ ለልጆቹ ቀለብና ደብተር ቢውል አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊልሙ በሩቅ ያለው ለጋሽ የሰጠው ሶደቃ የት እንደደረሰ በዓይኑ እንዲያይ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ወጪው ተገቢ የሚሆነው በጀቱ በአማና ሲያዝ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ አት-ተውባ አንቀጽ 60 ተዘርዝረዋል። የየቲምን ገንዘብ ያለአግባብ የሚበላ ሰው ምን እንደሚጠብቀውም በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 10 ተገልጿል። ስለሆነም ለፊልሙ ሲባል ዘካም ሆነ በየቲም ስም የተሰጠ ገንዘብ ሊነካ አይገባም፤ ለዚሁ ሥራ ነይተው ከሚሰጡ ሰዎች በተለየ ሂሳብ ይሰበሰባል።

ወጪው በሦስት ይከፈላል፦

1. ቅድመ ዝግጅት፦ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ቦታ ማየት፣ የአሳዳጊዎችን ፈቃድ መቀበል።
2. ቀረጻ፦ የካሜራና የድምፅ ባለሙያ፣ መብራት፣ መጓጓዣ፣ ውሎ አበል።
3. ቅንብር፦ ምስሉን መቁረጥና ማቀናጀት፣ ትረካ፣ ትርጉም፣ እርማት።

የቀረጻ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ይታሰባል። ስለዚህ የሚጎበኙት ቤቶችና የሚጠየቁት ሰዎች አስቀድመው ከተለዩ ቀኑም ወጪውም ይቀንሳል። ቢያንስ ሦስት ፕሮፎርማ ማወዳደር ይበጃል። ዋጋው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ማካተቱ፣ እርማቱ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድና ጥሬው ቀረጻ የማን እንደሚሆን በውሉ ላይ ይጻፍ። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይፈጸም፤ የመጨረሻው ክፍያ ከርክክብ በፊት አይሰጥ።

ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህል ለመጠባበቂያ መያዝም ያስፈልጋል። ይህ ለዝናብና ለመኪና ብልሽት ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ፊልሙን አይታ «የልጄ ፊት አይታይብኝ» ብትል ምስሉ ወጥቶ እንደገና መቀናበር አለበት። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ካልተያዘ ግን ፊልሙ እንዳለ እንዲቀር መገፋፋት ይመጣል፤ ያኔ ወጪውን በክብሩ የሚከፍለው ልጁ ይሆናል።

ሥራው ሲጠናቀቅ የወጣው ገንዘብ ከነደረሰኙ ለለጋሾች ይቅረብ። አላህ ሥራችንን ለውዴታው ብቻ ያድርግልን፤ የየቲሞችን ሐቅ ከሚጠብቁትም ያድርገን። አሚን።