ፔኒሲሊንና የባክቴሪያው ግድግዳ

አብዛኛው ባክቴሪያ ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ፣ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ግድግዳው እንደ አጥር የተጠላለፉ ሰንሰለቶች ያሉት ሲሆን፣ በውስጡ ያለውን ብርቱ ግፊት ችሎ ይይዛል። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሎክሳሲሊን የሚገኙበት የፔኒሲሊን ቤተሰብ የሚያጠቃው ይህንኑ አጥር ነው። መድኃኒቱ ሰንሰለቶቹን የሚያስተሳስረውን ኢንዛይም ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ባክቴሪያው ግን ማደጉን አያቆምም፤ ግድግዳው እየሳሳ፣ ውሃ እየገባበት ያብጥና ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ከዚህ ጥቃት ያመልጣል። ቫይረስም ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መዋጥ ፋይዳ የለውም።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊን የተባለውን ይህን የሻጋታ ውጤት ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። ለሕክምና ያበቁት ግን የኦክስፎርዶቹ ፍሎሪና ቼይን ከባልደረቦቻቸው ጋር ናቸው። በ1941 ኦክስፎርድ ውስጥ የታከመ አንድ ፖሊስ ትኩሳቱ በርዶለት፣ ምግብ መብላት ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለነበር ከሽንቱ እየተጣራ መልሶ ይሰጠው ነበር፤ ሲያልቅ ሕመሙ አገረሸበትና ሞተ።

ዛሬ መድኃኒቱ ሞልቶ ሳለ ሕክምናው በመሃል የሚቋረጠው ሕመሙ ጋብ ስላለ ነው። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ለሚመጣ የጉሮሮ ሕመም አሞክሳሲሊን ብዙውን ጊዜ ለ10 ቀን ይታዘዛል። ሕመሙ ቀድሞ ቢተውም ባክቴሪያው ሊቀር ይችላል። ካልታከመ፣ የሰውነት መከላከያ ሳይለይ የልብን በሮች የሚያቆስልበት የሩማቲክ ሕመም ሊከተል ይችላል። ይህ ሕመም ኢትዮጵያ ውስጥ የብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ልብ ጎድቷል፤ እንጥል ማስቆረጥም አይከላከለውም። አንዴ የያዘው ሰው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ፣ ለዓመታት ይወጋል። መርፌው ጡንቻ ላይ ብቻ እንጂ ደም ሥር ውስጥ ፈጽሞ አይሰጥም።

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታሉ። ኦግመንቲን በተባለው መድኃኒት ውስጥ ከአሞክሳሲሊን ጋር ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ይህን ኢንዛይም ያከሽፋል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት፣ ወይም ከጎረቤት የተረፈውን መዋጥ፣ እነዚህኑ ባክቴሪያዎች መርጦ ማራባት ነው።

ፔኒሲሊን ሲወሰድ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው፤ አለርጂ ግን አይደሉም። እንደወሰዱት ወዲያው ሰውነት በሽፍታ ከተወረረ፣ ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ መድኃኒቱን አቁሞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ የሆነበት ሰው በሚቀጥለው ሕክምናው ሁሉ መርፌም ሆነ ክኒን ከመቀበሉ በፊት ለባለሙያው መንገር አለበት።