50ኛው ፍሬም

ጅቡቲ ውስጥ ከተቀረጹ ፊልሞች ሁሉ ስመ ጥሩ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የክሌር ደኒ «ቦ ትራቫይ» ሳይሆን አይቀርም። ጋሉ የሚባለው የፈረንሳይ ሌጌዎን የበታች ሹም ማርሴይ ቁጭ ብሎ ያለፈ ሕይወቱን ይጽፋል፤ ወዲያው ወታደሮቹ ጅቡቲ ምድረ በዳ ላይ ሲለማመዱ እናያለን። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ካት ነው። ኤዲተሯ ኔሊ ኬቲየ አንዱን ሾት አቁማ ሌላውን ቀጠለች፣ ተመልካቹም ባሕር ተሻገረ። ከ18 ዓመት በኋላ ሉላ አሊ እስማኤል ሦስት ወጣት ልጃገረዶችን ተከትላ በጅቡቲ ከተማ «ዳሊንያሮ»ን ስትሠራም ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ የምትወስደን በዚያው መንገድ ነው።

ለካት ብቻ ከሆነ ዛሬ ስልክም ይበቃል። ነገሩ የሚጠነክረው ኤፌክት ሲገባ ነው። አንድ ልጅ ለማስታወቂያ የሚሆን ሁለት ሾት አለው እንበል፤ አንዱ የዶራሌ ወደብን ክሬኖች ከሩቅ ያሳያል፣ ሌላው ምኒልክ አደባባይን። (አደባባዩ በይፋ የጁን 27 አደባባይ ይባላል፤ የድሮ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልጠፋም።) በሁለቱም ላይ ነጭ የሆነውን ሰማይ መቀየርና አንድ ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ማሻገር ይፈልጋል። ይህን ጊዜ እንደ ኑክ ወይም ፊውዥን ያለ፣ በኖድ የሚሠራ ፕሮግራም ይከፍታል። ከፍቶም መጀመሪያ የሚፈልገው ታይምላይኑን ነው። ኤዲተር የለመደው፣ ሾቶች ጎን ለጎን የሚደረደሩበት ታይምላይን ግን እዚያ የለም።

ያለው የሳጥኖች መረብ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ኖድ ይባላል፤ አንዱ ፋይሉን ያነባል፣ አንዱ ቀለም ያርማል፣ አንዱ ሁለት ምስል ይደራርባል፣ የመጨረሻው ውጤቱን ይጽፋል። ምስሉም ከድሬዳዋ ተነሥቶ አሊ ሳቢህን አልፎ ናጋድ እንደሚገባው ባቡር በየጣቢያው የሆነ ነገር እየተጫነለት ያልፋል። ኑክም ፊውዥንም የተወለዱት ለፈጠሯቸው ድርጅቶች የውስጥ መገልገያ ሆነው ነው። ኑክ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካው ዲጂታል ዶሜይን ተጀመረ፤ ፊውዥን ደግሞ ሲድኒ ውስጥ ተጠንስሶ በ2014 ብላክማጂክ የተባለ ኩባንያ ገዛው፣ በ2018ም ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የኩባንያው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ስላለው ኪሱ ለሳሳ ጀማሪ የሚቀርበው ፊውዥን ነው፤ ናትሮን የሚባል ሙሉ በሙሉ ነፃ ፕሮግራምም አለ፣ አሠራሩም ለኑክ ይቀርባል።

እነዚህ ፕሮግራሞች ስለ ሾት ቅደም ተከተል አይጨነቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ቁጥር ፍሬም ላይ የቱ ምስል ይታይ? ስለዚህ ካት እዚህ የቁጥር ጉዳይ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ሥራ የወደቡ ሾት 2 ሰከንድ ይቆይ ካልን 50 ፍሬም ይፈጃል። ቆጠራው ከ0 ከጀመረ እስከ 49 ወደቡ ነው፣ 50ኛው ላይ አደባባዩ ይመጣል። ከ1 ከጀመረ ግን ካቱ 51 ላይ ነው። ፊውዥን ከ0፣ ኑክ ከ1 መጀመር ይወዳል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው አንድ ፍሬም የሚያጎድለው እዚህ ላይ ነው።

በኑክ ሁለቱን ሾቶች ስዊች ወደሚባል ኖድ እናስገባለን። የስዊቹ ቁጥር 0 ሲሆን የመጀመሪያው፣ 1 ሲሆን ሁለተኛው ይታያል፤ በካቱ ቦታ ኪይፍሬም (ቁጥሩን በዚያ ፍሬም ላይ የሚያስር ምልክት) እናደርጋለን፣ የለውጡንም ኩርባ ደረጃ እንዲሆን እናዝዘዋለን። በፊውዥን ዲዞልቭ የሚባለው ኖድ ያንኑ ያደርጋል፤ በተከታታይ ሁለት ፍሬሞች ላይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ካዘለልነው ካት ይሆናል፣ ከ12 ፍሬም በላይ ካዘገየነው ቀስ ያለ ሽግግር።

ብዙ ሰው የሚደናበረው ቀጥሎ ነው። ስዊቹ ዞሯል፣ ግን አደባባዩ ከመሃሉ ይጀምራል! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ሾት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሲሮጥ ቆይቶ፣ ተራው ሲደርስ የራሱ 50ኛ ፍሬም ላይ ነው። ሾቱ 60 ፍሬም ብቻ ከነበረ 10 ፍሬም አሳይቶ ያልቃል። መድኃኒቱ በኑክ ታይምኦፍሴት የተባለውን ኖድ አስገብቶ 50 መጻፍ ነው፤ በፊውዥን የሾቱን መስመር ጎትቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን ሁሉ በአንድ የሚጨርስ አፔንድክሊፕ የሚባል ኖድ ኑክም ናትሮንም አላቸው፤ ሾቶቹን እየቀጣጠለ ይሄዳል። እኔ ግን ለጀማሪ ስዊቹን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ ዓይን ፊት ስለሚሆን ስሕተቱ አይደበቅም።

የስልክ ቪዲዮም ሌላ ወጥመድ አለው። ስልኮች ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻሉ። ኑክ ፍሬም ይቆጥራል እንጂ ሰከንድ አያስተካክልም፤ በ30 የተቀረጸ የ2 ሰከንድ ሾት በ25 ሲሄድ 2.4 ሰከንድ ይሆናል፣ ሰዎቹም ተኝተው የሚራመዱ ይመስላል። ቪዲዮውን አስቀድሞ ወደ 25 መቀየር ይሻላል።

ከሦስትና አራት ካት በላይ ከሆነ ግን እዚህ መድከም ከንቱ ነው፤ ወደ ኤዲቲንግ ፕሮግራም መመለስ ይሻላል። ኑክ የሚያሰላው በ32 ቢት ነው፤ 1920 በ1080 የሆነ አንድ ፍሬም ከአራት ቻናሎቹ ጋር 33 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፣ አንድ ሰከንድ ወደ 830። መካከለኛ ላፕቶፕ ረጅም ሥራ አይሸከምም። ድምፅም የእነዚህ ፕሮግራሞች ሥራ አይደለም፤ ሙዚቃውና ንግግሩ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ይገጠማሉ።

ሬንደር ሲደረግም በአንድ የቪዲዮ ፋይል ፈንታ በተከታታይ ምስሎች ማውጣት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት የጅቡቲ በጋ ላፕቶፑ ግሎ ቢዘጋ ወይም መብራት ቢጠፋ፣ ያልተጠናቀቀ የቪዲዮ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ምስሎቹ ግን በየቁጥራቸው ተቀምጠው ይገኛሉ፤ 73ኛው ላይ ከተቋረጠ እሱ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል አጥፍቶ፣ ከ73 እንደገና ማስጀመር ነው።